ቆሻሻው የት ገባ? ሰው ሠራሽ ረግረግ የወንዝ ውሃን የሚያጠራበት መንገድ

ሁለት ግልጽ ጠርሙስ ውሰዱ። አንዱን ውሃው ወደ ረግረጉ በሚገባበት ቦይ ሙሉት። ሌላውን ከረግረጉ ማዶ፣ ውሃው በሚወጣበት በኩል ሙሉት። ጎን ለጎን ብርሃን ላይ ያዟቸው። የመጀመሪያው ድፍርስ ነው፤ ከጠርሙሱ ጀርባ ያለው ጣታችሁ አይታይም። ሁለተኛው ትንሽ ቡናማ ቀለም ይኖረው ይሆናል እንጂ ጣት ቀርቶ ጥፍር ያሳያል። በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ቢታይ ቢታይ ፊላ የበቀለበት ጥልቀት የሌለው ኩሬ ነው። ኬሚካል የሚጨምር ሰው የለም። የሚጮህ ሞተር የለም።

ይህን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ «ተክሉ ቆሻሻውን ይመጠዋል» ይላል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ወይም በጥቂቱ ብቻ ነው እንደዚያ። መጠየቅ ያለበት «ምን ተተከለበት?» ሳይሆን «ቆሻሻው የት ገባ?» የሚለው ነው። መልሱ ደግሞ እንደ ቆሻሻው ዓይነት ይለያያል። አንዳንዱ የምር ይጠፋል። ሌላው ግን የትም አልሄደም፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ቀኑን ይጠብቃል።

በዚህ ዘመን «ተፈጥሮን መሠረት ያደረገ መፍትሔ» የሚለው አባባል በየስብሰባው ይሰማል። ወንዞች የእርሻ ማዳበሪያ፣ የአስፋልት ዘይትና የጎማ ብናኝ፣ የመጸዳጃና የሳሙና ፍሳሽ ተሸክመው ይወርዳሉ። ለእያንዳንዱ ወንዝ በኮንክሪት የተገነባ ማጣሪያ ጣቢያ ማቆም አይታሰብም። ስለዚህ ረግረግ ተፈላጊ ሆኗል። እኔ በሐሳቡ አምናለሁ። የማልወደው እንደ ተአምር ሲወራለት ነው። ረግረግ ማሽን ነው፤ ያውም ቀርፋፋ ማሽን። አሠራሩን ሳያውቁ ማሽን መግዛት ደግሞ ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

ሰው ሠራሽ ረግረግ ሲባል መሬቱ ውሃ እንዳያሰርግ የተደለደለ፣ ዙሪያውን በአፈር ክትር የታጠረ፣ መግቢያና መውጫው የታወቀ ሰፊ ገንዳ ነው። ውስጡ ፊላ፣ ሸምበቆ፣ ደንገል፣ ቄጠማ፣ ወይም ውሃው ውስጥ ተውጠው የሚያድጉ ተክሎች ይኖሩበታል። ዋናዎቹ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። በአንደኛው ውሃው ገሃድ ነው፤ በተክሎቹ መካከል እየተላወሰ ያልፋል። በሁለተኛው ውሃው ከላይ አይታይም፤ በጠጠርና በአሸዋ ውስጥ ለውስጥ ነው የሚሄደው። ይኼኛው ሽታና ትንኝ ስለማያመጣ ለቤት ፍሳሽ ይመረጣል። ለወንዝና ለሐይቅ ውሃ ግን የሚያዋጣው የመጀመሪያው ነው። ወንዝ ብዛት አለው፣ ደለልም ያመጣል። ያን ሁሉ ደለል በጠጠር አሳልፋለሁ ያለ ሰው ብዙም ሳይቆይ ጠጠሩ ይደፈንበታል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኬተ ዛይድል የተባሉ ጀርመናዊት የዕፀዋት ተመራማሪ በማክስ ፕላንክ ተቋም ውስጥ በረግረግ ተክሎች ቆሻሻ ውሃ ማጥራት ይቻል እንደሆነ መሞከር ጀመሩ። በጊዜው ብዙ ባለሙያ ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ተክል ይሞታል እንጂ ይለመልማል ብሎ አያምንም ነበር። ኔዘርላንዶች በ1967 ለአንድ የመዝናኛ ሰፈር ፍሳሽ የመጀመሪያውን ትልቅ ገሃድ ረግረግ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በየአህጉሩ ተዛመተ።

ውሃውን ማሳረፍ

ረግረግ የሚጀምረው ውሃውን በማሳረፍ ነው። ወንዝ ደለል የሚሸከመው ስለሚሮጥ ነው። ሲሮጥ ይናጣል፤ ሲናጥ አፈሩ መቀመጫ ያጣል። ረግረጉ ውስጥ ሲገባ ግን ቦታው ይሰፋበትና ፍጥነቱ ይሞታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ ደስ ይላል። የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የምታህል የአሸዋ ፍሬ በረጋ ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ለመስጠም ሁለት ደቂቃ አካባቢ ይበቃታል። የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ የምታህል የሸክላ አፈር ቅንጣት ግን ያችኑ አንድ ሜትር ለመውረድ 13 ቀን ገደማ ይፈጅባታል፤ ያውም ውሃው ምንም ሳይነቃነቅ። ልዩነቱ ቀልድ አይደለም። የውሃውን ጥልቀት ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ብታወርዱት 13 ቀኑ ወደ 5 ቀን ያጥራል። ረግረግ ጥልቀት የማይኖረው ለዚህ ነው። ቅንጣቷን ማፍጠን አይቻልም፤ መንገዷን ማሳጠር ግን ይቻላል።

ደለሉ ሲወርድ ብቻውን አይወርድም። ብዙው ፎስፈረስ፣ ብዙው እርሳስና ዚንክ፣ ከጀርሙም ቀላል የማይባለው ደለል ላይ ተለጥፎ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ደለሉን ያስቀመጠ የቆሻሻውን ትልቅ ድርሻ አስቀመጠ ማለት ነው። አስተዋይ መሐንዲስ ከመግቢያው አጠገብ ጠለቅ ያለች ኩሬ ያስቀድማል። ከባዱ ደለል እዚያች ኩሬ ውስጥ ይቀራል። የቁፋሮ ጊዜ ሲመጣ የሚቆፈረው እሷ ብቻ ትሆናለች፤ ሌላው ረግረግ አይነካም። ይህችን ኩሬ «ወጪ ለመቆጠብ» ብለው የሚዘልሉ አሉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከነተክሉ ሙሉውን ሲቆፍሩት የቆጠቡት ምን እንደሆነ ይገባቸዋል።

አከራዩና ተከራዮቹ

ፊላ የበቀለበት ረግረግ ዳር ከደረሳችሁ እጃችሁን ወደ ውሃው ስደዱና ዘንጉን ከውሃው በታች አሹት። ያሙለጨልጫል። ጣታችሁ ላይ አረንጓዴም ቡናማም የመሰለ ልጋግ ይቀራል። ሰው ይጠየፈዋል። የረግረጉ ሠራተኛ ግን እሱ ነው። ልጋጉ የባክቴሪያ፣ የአልጌ፣ የፈንገስ፣ እነሱን የሚበሉ የደቃቅ እንስሳትም ሰፈር ነው። ባለሙያዎች ባዮፊልም ይሉታል። በውሃው ውስጥ የሟሟውን ብስባሽ ቆሻሻ በልቶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚቀይረው ይህ ሰፈር ነው። ተክሉ ታዲያ ምን ይሠራል? ያከራያል። ዘንጉ፣ ቅጠሉ፣ የደረቀውና የወደቀው ሁሉ ለእነዚህ ተከራዮች መለጠፊያ ነው። መለጠፊያው በበዛ ቁጥር ሠራተኛው ይበዛል።

አሁን ዘንጉን ቁረጡትና ውስጡን እዩ። ስፖንጅ ይመስላል፤ በአየር ቀዳዳ የተሞላ ነው። ጭቃው ውስጥ አየር ስለሌለ ሥሩ እንዳይታፈን ተክሉ ከላይ አየር ያወርድለታል። ከዚያ አየር ጥቂቱ በሥሩ ቆዳ ሾልኮ ወደ ጭቃው ይወጣል። ሥሩን ነቅላችሁ ብታጥቡት አንዳንድ ቦታ ላይ ዝገት የመሰለ ቀይ ሽፋን ታገኛላችሁ። እንዲያውም ዝገት ነው፤ ጭቃው ውስጥ ያለው ብረት ከሥሩ የሾለከውን ኦክስጅን ሲያገኝ የሠራው። ከሥሩ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ጭቃውን ብታፍሱ ግን ጥቁር ነው። የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። አየር ያለበት ዓለምና የሌለበት ዓለም ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተው ይኖራሉ። ይህን ጉርብትና ልብ በሉልኝ፤ የናይትሮጅን ነገር የሚያልቀው በእሱ ነው።

የተክሉ ድርሻ አከራይነት መሆኑን በግሩም ሁኔታ ያሳየ አንድ ሙከራ አለ። በ1994 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ኦለንታንጂ በሚባል ወንዝ አጠገብ ሁለት ረግረጎች ተሠሩ። የሚመሩት የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ሚትሽ ነበሩ። እያንዳንዳቸው አንድ ሄክታር ናቸው። ከወንዙ እኩል ውሃ በፓምፕ ይገባላቸዋል። በአንደኛው 13 ዓይነት ተክል ተተከለ። በሌላኛው ምንም አልተተከለም። ገና ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆን ባዶ የተተወው ራሱ ወንዙ ባመጣለት ዘር ለምልሞ፣ ብዙ ሥራው ከተተከለው ጋር ተቀራረበ። የተክል ምርጫ ላይ ወራት የሚጨቃጨቁ ኮሚቴዎችን ባየሁ ቁጥር ይህ ባዶ ኩሬ ትዝ ይለኛል።

ናይትሮጅን ይሄዳል

ከእዳሪ፣ ከሽንትና ከብስባሽ የሚመጣው ናይትሮጅን አብዛኛውን ጊዜ በአሞኒያ መልክ ነው የሚደርሰው። አሞኒያ ዓሣ ይገድላል። ኦክስጅን ባለበት ቦታ፣ ማለትም ከውሃው ፊት አጠገብ፣ በዘንጉ ልጋግ ላይና በሥሩ ዙሪያ፣ አንድ ዓይነት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ይህ ሥራ ኦክስጅን ይበላል፤ ለአንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን 4.6 ግራም ገደማ ኦክስጅን ይፈልጋል። ረግረጎች አሞኒያ ሲበዛባቸው የሚያነክሱት እዚህ ላይ ነው። አየር የሚነፋላቸው ስለሌለ ራሱ ውሃው የሚያገኘውን ብቻ ነው የሚጠቀሙት።

ከእርሻ የሚመጣው ናይትሮጅን ግን ብዙውን ጊዜ ናይትሬት ሆኖ ነው የሚደርሰው። ይሄ ደግሞ ለረግረግ የሚመች ጠላት ነው። ናይትሬቱ ወደ ጥቁሩ ጭቃ ሲሰርግ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይቀበሉታል። እነዚህኞቹ መተንፈሻ ኦክስጅን የላቸውም። ስለዚህ ናይትሬቱ ላይ ያለውን ኦክስጅን ነጥቀው ይተነፍሱበታል። የሚተርፈው ናይትሮጅን ጋዝ ነው። ትንንሽ አረፋ ሆኖ ይወጣና አየር ውስጥ ይገባል። አየራችን ድሮም 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ አይሰማውም። ለናይትሮጅን እንግዲህ «የት ገባ?» ሲባል መልሱ «ወጥቶ ሄደ» ነው። የሚጫን የለ፣ የሚቀበር የለ።

ባክቴሪያዎቹ ግን ባዶ ሆዳቸውን አይሠሩም። ካርቦን ይፈልጋሉ፤ ካርቦኑን የሚያገኙት ከበሰበሰ ቅጠልና ዘንግ ነው። ስለዚህ «ንጹሕ ይሁን» ብሎ የወደቀውን ቅጠል ሁሉ እየለቀመ የሚያወጣ ጠባቂ ሠራተኞቹን እያስራበ ነው። ረግረግ እንደ ግቢ አይጠረግም። አዲስ የተሠራ ረግረግ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ናይትሬት ማስወገድ ላይ ደከም የሚለውም በከፊል ለዚህ ነው፤ ገና የበሰበሰ ነገር አላጠራቀመም።

ብርድም ይጎዳዋል። የውሃው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ የባክቴሪያዎቹ ፍጥነት በግርድፉ በግማሽ ይቀንሳል። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች በክረምት ናይትሬት ከረግረጉ ሳይነካ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ሞቃት አገር በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ሁሉም ተደምሮ፣ ሰው ሠራሽ ረግረጎች በአማካይ ከሚገባው ናይትሮጅን ከ40 እስከ 55 በመቶ ያህሉን ያስወግዳሉ ተብሎ ይጠቀሳል። ጊዜና ቦታ በደንብ ከተሰጣቸው ከዚያ በላይ ይሄዳሉ።

ፎስፈረስ ይቀመጣል

ፎስፈረስ ሌላ ታሪክ ነው። እንደ ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ የሚያመልጥበት መንገድ የለውም። የገባው ወይ ይወጣል ወይ ይቀመጣል። ረግረጉ ውስጥ ከብረት፣ ከአሉሚኒየምና ከካልሲየም ጋር እየተጣበቀ ጭቃው ላይ ይቀመጣል። ጥቂቱን ተክሉ ለእድገቱ ይወስደዋል። ተክሉ ሲሞትና ሲበሰብስ ግን አብዛኛውን መልሶ ይለቀዋል።

«እንግዲያው ተክሉን እያጨዱ ማውጣት ነዋ!» ይባላል። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ብዙ ቆሻሻ በሚገባበት ረግረግ ግን በአጨዳ የሚወጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከገባው አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ አይሞላም። ለአጨዳው የሚወጣው ጉልበትና ነዳጅ፣ ማሽኑ ረግጦ የሚያደፈርሰው ጭቃ ሲታሰብ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ንጹሕ ቀረብ ያለ ውሃ የሚገባበት ረግረግ ላይ ግን ድርሻው ከፍ ስለሚል ሊታሰብበት ይችላል።

ጭቃው የሚይዘውም ልክ አለው። በብረትና በካልሲየሙ ላይ ያለው ቦታ ሲሞላ የፎስፈረስ መያዙ ይዳከማል። ለዚህ ነው አዲስ ረግረግ በፎስፈረስ ሪፖርት የሚያኮራው። የአምስተኛውን፣ የአሥረኛውን ዓመት ሪፖርት ማየት ይሻላል።

ይህን ሁሉ በትልቁ ለማየት የደቡብ ፍሎሪዳው ኤቨርግሌድስ አለ። ኤቨርግሌድስ ራሱ የተፈጥሮ ረግረግ ነው፤ ፎስፈረስ እጅግ ጥቂት በሆነበት ውሃ ላይ የኖረ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የሚቆርጥ ሣር የሸፈነው። ከላዩ ካሉት እርሻዎች የማዳበሪያ ፎስፈረስ ሲወርድበት ያ ሣር እየሸሸ በምትኩ ፊላ ወረረው። እዚያ ፊላ የበሽታ ምልክት ነው። መፍትሔ ተብሎ የተሠራው ምን እንደሆነ ገምቱ። ሌላ ረግረግ! ከ1990ዎቹ ጀምሮ ወደ 23,000 ሄክታር የሚሆን ሰው ሠራሽ ረግረግ በእርሻውና በኤቨርግሌድስ መካከል ተዘረጋ። በመጀመሪያዎቹ ገንዳዎች ውስጥ ፎስፈረሱን እንዲይዝ ሆን ተብሎ እንዲያድግ የሚደረገው ማን ነው? ፊላ። አንዱ ተክል አንድ ቦታ በሽታ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ላይ መድኃኒት ሆነ።

በመጨረሻዎቹ ገንዳዎች ደግሞ ውሃው ውስጥ ተውጠው የሚያድጉ ተክሎች ይገባሉ። እነዚህ በቀን ፀሐይ ሲሠሩ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከውሃው ይመጥጡታል። ውሃው አሲድነቱ ይቀንሳል። ያኔ በውሃው ውስጥ የሟሟው ካልሲየም ኖራ ሆኖ ይረጋል፤ ሲረጋም ፎስፈረሱን ይዞት ይወርዳል። ለኤቨርግሌድስ የተቀመጠው የፎስፈረስ ልክ በአንድ ሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው። የአንድ ግራም አንድ መቶ ሺኛ ማለት ነው። እዚያ ላይ ለመድረስ ያ ሁሉ ሄክታር ያስፈልጋል፤ እንዲያም ሆኖ በየዓመቱ ትግል ነው። ድርቅ መጥቶ ገንዳው ሲደርቅ ጭቃው አየር ያገኝና ይበሰብሳል። ዝናቡ ሲመለስ የተቀመጠው ፎስፈረስ ከፊሉ ተመልሶ ይሟሟል። ቀኑን ይጠብቃል ያልኩት ይሄንን ነው።

የማይሄደው ሌላው

እርሳስ፣ መዳብና ዚንክ በጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ያንን የተበላሸ እንቁላል የሚሸተውን ድኝ ሲያገኙ የማይሟሟ ድብልቅ ሆነው ይረጋሉ። መልካም ነው፤ ከውሃው ወጡ። ግን ከረግረጉ አልወጡም።

ይህ ችላ ሲባል ምን እንደሚሆን ካሊፎርኒያ ውስጥ ኬስተርሰን የሚባል ቦታ ታይቷል። የማጣሪያ ረግረግ ተብሎ የተሠራ አልነበረም። ከመስኖ እርሻ የሚወርድ ውሃ ይጠራቀምበት የነበረ የወፎች መጠለያ ነው። ውሃው ከአፈሩ የታጠበ፣ ሲበዛ የሚመርዝ ሴሊኒየም የሚባል ንጥረ ነገር ይዞ ይመጣል። ውሃው ይተናል፣ ሴሊኒየሙ ይቀራል። ከውሃው ወደ ተክሉ፣ ከተክሉ ወደ ነፍሳቱ፣ ከነፍሳቱ ወደ ወፎቹ እየተከማቸ ሄደ። በ1983 ተመራማሪዎች ዓይን የሌላቸው፣ ምንቃራቸው የተጣመመ ጫጩቶች በእንቁላል ውስጥ አገኙ። ቦታው በመጨረሻ ተዘጋ። ወፍ መምጣቱ ሁሌም የጤና ምልክት አይደለም።

ጀርምን በሚመለከት ረግረግ ጥሩ ይሠራል፤ ፀሐይ ይገድለዋል፣ ደቃቅ እንስሳት ይበሉታል፣ ጊዜ ራሱ ያዳክመዋል። ወፎች ግን የራሳቸውን ኩስ ስለሚጨምሩ ጀርሙ ዜሮ አይደርስም። ስለዚህ ከረግረግ የወጣ ውሃ ምንም ቢጠራ ሳይታከም አይጠጣም። መድኃኒቶችም እንደየዓይነታቸው ናቸው። አይቡፕሮፌን ጥሩ አድርጎ ይሰባበራል፤ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን ግን ብዙውን ጊዜ ብዙም ሳይነካ ይወጣል። ጨው ጭራሽ አይወገድም። እንዲያውም ውሃ ስለሚተን የሚወጣው ከገባው ይበልጥ ጨዋማ ሊሆን ይችላል።

መሬት፣ መሬት፣ መሬት

አሁን ወደ ትልቁ ፈተና እንምጣ። በሰከንድ አንድ ሜትር ኩብ የሚፈስ አነስተኛ ወንዝ አለ እንበል። ውሃውን በሙሉ ለ5 ቀን፣ በ40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ማቆየት ፈለግን። በቀን 86,400 ሜትር ኩብ ይገባል። በ5 ቀን 432,000 ይሆናል። ለ0.4 ስናካፍለው ከአንድ ሚሊዮን ሜትር ካሬ ያልፋል፤ 108 ሄክታር ማለት ነው። ተክሎቹ የሚይዙትን ቦታ ሳንቆጥር። ለአንዲት ትንሽ ወንዝ! በጎርፍ ቀን ደግሞ ያው ወንዝ በአሥር እጥፍ ሊመጣ ይችላል።

ለዚህ ነው አስተዋይ ፕሮጀክቶች ወንዙን በሙሉ አንጽተን እንለቃለን የማይሉት። ከወንዙ ይቆርሳሉ። የካሊፎርኒያው ፕራዶ ረግረግ ወደ 190 ሄክታር ነው፤ ሃምሳ ያህል ኩሬዎች አሉት። ዝናብ በሌለበት ጊዜ የሳንታ አና ወንዝን ግማሽ ያህል ውሃ ተቀብሎ በዋናነት ናይትሬቱን ይቀንስለታል። ውሃው ከዚያ ወደ ታች ወርዶ እንዲሰርግ ይደረግና የኦሬንጅ ካውንቲን የከርሰ ምድር ውሃ ይሞላል። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ ከዳላስ አቅራቢያ 745 ሄክታር ገደማ የሚሰፋ ረግረግ አለ። ከትሪኒቲ ወንዝ ምሥራቃዊ ገባር ውሃ ይጠልፋል። ወንዙ በአብዛኛው ከላይ ያሉ ከተሞች አጣርተው የለቀቁት ፍሳሽ ነው። ውሃው ከ7 እስከ 10 ቀን ረግረጉ ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ተገፍቶ ለመጠጥ የሚውል ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ባለቤቶቹ የሚያወጡት ቁጥር ደለል 95፣ ናይትሮጅን 80፣ ፎስፈረስ 65 በመቶ ይቀንሳል የሚል ነው። ቅደም ተከተሉን አያችሁት? ደለል ቀላሉ፣ ፎስፈረስ ከባዱ። እስካሁን ያወራነው ሁሉ በሦስት ቁጥር ሲነገር ይሄ ነው።

መሬት የሌላቸው ከተሞች ደግሞ ተንሳፋፊ ረግረግ ይሞክራሉ። በሐይቅ ወይም በቦይ ላይ በሚንሳፈፍ ምንጣፍ ተክል ይተከላል፤ ሥሩ ውሃው ውስጥ ይንጠለጠላል። ያምራል። ይሠራልም፤ በስፋቱ ልክ ግን ነው። ሰፊ ሐይቅ ላይ ጥቂት ምንጣፍ ጣል አድርጎ «ሐይቁን አጠራነው» ማለት ለፎቶ ነው።

ቀለም የሚያወጣው ምስጢር

ረግረግ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ውሃው አቋራጭ መንገድ ሲያገኝ ነው። ወረቀት ላይ 5 ቀን ይቆያል የተባለው ውሃ ባንድ በኩል በደለል ተገፍቶ፣ በሌላ በኩል ተክል ያልበቀለበት ሰርጥ አግኝቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከላይ ሲታይ ረግረጉ አረንጓዴ ነው፣ ወፍ አለው፣ ያምራል። ውስጥ ውስጡን ግን ቧንቧ ሆኗል።

ማወቂያው ቀላል ነው። መግቢያው ላይ ለጉዳት የማይዳርግ ደማቅ ቀይ ቀለም ይፈስሳል። ከዚያ መውጫው ጋ ቁጭ ብሎ ናሙና እየቀዱ መጠበቅ ነው። ደህና ረግረግ ከሆነ ቀለሙ ቀናት ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ተበትኖ ይመጣል። የታመመ ከሆነ ግን ጠባቂዎቹ ገና ሳይደላደሉ፣ ጠዋት የፈሰሰው ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ያኔ አብዛኛው ሄክታር የቆመ ውሃ ተሸክሞ በከንቱ ተቀምጧል ማለት ነው። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። በፍሰቱ አግድም ጠለቅ ያሉ ቦዮች ይቆፈራሉ፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ ይሰበሰብና በወርዱ ሙሉ እንደገና ይበተናል። ረዘም ጠበብ ያሉ ገንዳዎችን ማሰለፍም ይረዳል።

ትንኝ የሚራባው በአብዛኛው ውሃው በሞተበት ጥግና ተክሉ ከልክ በላይ በተጠቀጠቀበት ቦታ ነው። ዓሣ፣ የውሃ ጥንዚዛና የውሃ ተርብ እጭ የሚገቡበት ክፍት ቦታ ካለ የትንኙን እጭ ይበሉታል። ረግረግ ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባሉ ከባቢ አየር የሚያሞቁ ጋዞችም ያወጣል። ይህን የሚደብቅ አስተዋዋቂ አትመኑ፤ ይህንኑ ብቻ አንስቶ ረግረግ ይቅር የሚለውንም እንዲሁ። ኮንክሪቱም፣ ፓምፑም፣ ያልታከመ ወንዝም የየራሳቸው ጋዝ አላቸው።

እና ጭቃው። ያቺ መግቢያው አጠገብ ያለችው ኩሬ ቀኗ ሲደርስ ትሞላለች። ውሃው ወደ ሌላ ገንዳ ይዞራል፣ ኤክስካቫተር ይገባል፣ ጥቁር ጭቃ ክትሩ ላይ ተዘርግቶ ይጠነፍፋል። ናሙናው ላቦራቶሪ ይሄዳል። እርሳስና ካድሚየም ከልክ በላይ ከተገኘበት ፕላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀበራል። ካልተገኘበት ወደ እርሻ ተጭኖ ማሳ ላይ ይበተናል፤ ፎስፈረሱ ከመጣበት ተመለሰ። ቀጣዩ ዝናብ ከዚያ ላይ ትንሽ አጥቦ ወደ ወንዙ ማውረዱ አይቀርም። ረግረጉ እዚያው ታች ነው ያለው፤ ይቀበለዋል።